ቮልስዎን በገዛ እጅዎ፦ ከነዳጅ ቱቦ እስከ ፍሬን

አሮጌ መኪናውን በገዛ እጁ ሊጠግን የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከቀለሙ ነው። ላሜራው ይቀጠቀጣል፣ ስቱኮው ይለሰናል፣ የሚያብረቀርቅ ቀለም ይረጫል፤ በሳምንቱ መኪናዋ ጎተራ ማሳለጫ ላይ ቆማ መንገድ ትዘጋለች። ይህ መመሪያ የሚሄደው በተቃራኒው ነው፦ መጀመሪያ መኪናዋን የሚያቃጥላት ነገር፣ ቀጥሎ ሞተሯን የሚያኖረው፣ ከዚያ የሚያቆማት። ስለ ቀለም አንዳችም አልጽፍም።

የመረጥኳት መኪና ቮልስ ናት፤ ያቺ ሞተሯ ከኋላ የሆነው ክብ ቮልስዋገን። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ መሆኑን የማያውቅ ስለሌለ ታሪኳን መተረክ አያስፈልገኝም። የመረጥኳት ለጀማሪ ከእርሷ የተሻለ መማሪያ ስለማላውቅ ነው። ራዲያተር የላትም፣ ኮምፒውተር የላትም፤ ሁለት ሁለት ሆነው የተጋደሙ አራት ሲሊንደሮች በአየር ይቀዘቅዛሉ። የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2003 ሲሆን፣ እስከዚያች ቀን 21,529,464 ተሠርተዋል። መለዋወጫዋ እስከ ዛሬ የሚገኘውም ለዚህ ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በቮልስ ላይ «ተበላሸ» የሚባለው ነገር አብዛኛው ክፍተቱ የተዛባ ዕቃ ነው፤ ዕቃው ራሱ ደህና ነው። ቫልቩ ጠብቋል፣ ኮንታክቱ ተጠግቷል፣ ቺንጋው (ቀበቶው) ላልቷል። ይህንን ሳይለካ የሚፈታ መካኒክ ደህናውን ዕቃ አውጥቶ አዲስ ያስገዛዎታል፤ ችግሩም ባለበት ይቆያል። ስለዚህ ከቁልፍ በፊት መለኪያ ይግዙ፤ ከመለኪያው ጋር ደግሞ ደብተር።

ሊብሬው የሚለውንና መኪናዋ ያለችውን ማስታረቅ

የሻንሲ ቁጥሩ ከኋላ መቀመጫ ሥር፣ በመሀል በሚያልፈው የብረት ጉብታ ላይ ተቀርጿል። የሞተሩ ቁጥር ደግሞ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ከተቀመጠበት እግር ግርጌ፣ በሞተሩ አካል ላይ ነው፤ በጨርቅና በጥቂት ላምባ ካላጸዱት አይታይም። በቁጥሩ መጀመሪያ ያለውን የላቲን ፊደል ይጻፉ። ዲ ከሆነ ሞተሩ 1200 ሲሲ ነው፣ ኤፍ ከሆነ 1300፣ ኤች ከሆነ 1500፣ ኤ እና ዲ ተከታትለው ከመጡ 1600።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ አገር የቆየች ቮልስ ሞተሯ አንድ ሁለት ጊዜ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ሊብሬው ላይ የተጻፈው ዓመት ሌላ፣ ከኋላ የሚያጓራው ሞተር ሌላ። መለዋወጫ የሚገዛው በሞተሩ ቁጥር እንጂ በሊብሬው ዓመት አይደለም። (ቁጥሮቹ ጨርሶ ካልተስማሙ፣ ለቦሎ ምርመራ ከመቅረብዎ በፊት ጉዳዩን መጨረስ ይሻላል።)

ባትሪውንም ይመልከቱ። ሦስት መክደኛ ካለው 6 ቮልት፣ ስድስት ካለው 12 ቮልት ነው። የቀድሞዎቹ ቮልሶች በ6 ቮልት ይሠሩ ስለነበር ከፊሉ ብቻ ወደ 12 የተቀየረች መኪና ልታጋጥም ትችላለች። አምፖል፣ ኮይል (የብልጭታውን ኤሌክትሪክ ከፍ የሚያደርገው) እና ሞተሪኖ (ሞተሩን የሚያስነሣው) ከባትሪው ጋር መስማማታቸውን ያረጋግጡ።

የሚያስፈልግ መሣሪያ

8፣ 10፣ 13፣ 14፣ 17፣ 19 እና 21 ቁጥር ቁልፎች፤ ጠፍጣፋና ባለ መስቀል ካቻቢቴ፤ ፒንሳ፤ የካንዴላ (በሲሊንደሩ ውስጥ ብልጭታ የሚሰጠው) መፍቻ፤ ክፍተት የሚለካባቸው ስስ የብረት ቅጠሎች፤ ሁለት ሽቦ ያለው የ12 ቮልት መሞከሪያ አምፖል፤ የማጥበቂያ ኃይል የሚያሳይ ቁልፍ፤ ክሪክና ሁለት የብረት መደገፊያ። ቁልፎቹን አዲስ አበባ ውስጥ ምናለሽ ተራ በርካሽ ያገኛሉ፤ ያገለገለ ዕቃም ሶማሌ ተራ አይታጣም። መለኪያዎቹን ግን አዲስ ይግዙ። ጫፉ የተበላ የክፍተት መለኪያ ይዞ ቫልቭ ማስተካከል ጊዜ ማባከን ነው።

መጀመሪያ፦ የሚያቃጥለውን ማስወገድ

ቮልስ በሁለት ቦታ እሳት ትወልዳለች፤ ሁለቱንም በአንድ ከሰዓት ማስተካከል ይቻላል።

አንደኛው የኋላ መቀመጫ ነው። ባትሪው ከመቀመጫው ሥር በስተቀኝ ተቀምጧል፤ መቀመጫው ደግሞ የብረት ሞላና ደረቅ የአሰር ሙሊት አለው። ከባድ ሰው ሲቀመጥ ሞላው ወርዶ ሁለቱን የባትሪ ጫፎች ከነካ ብልጭታው አሰሩን ያያይዘዋል። ፋብሪካው ለባትሪው ክዳን ሠርቶለት ነበር፤ በአብዛኞቹ መኪናዎች ላይ ግን ያ ክዳን ከጠፋ ቆይቷል። መቀመጫውን ያንሡ፣ ክዳን ከሌለ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ወፍራም ጎማ ወይም ፕላስቲክ በባትሪው ላይ አስረው ያልብሱት። ቁመቱ የሚበልጥ ባትሪ ገብቶ እንደሆነም ይለኩ።

ሁለተኛው የነዳጅ ቱቦ ነው። ታንኩ ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ቤንዚኑ ከመኪናዋ ጫፍ እስከ ጫፍ ይጓዛል። ከታንኩ ሥር፣ ከማርሽ ሳጥኑ አጠገብ፣ ወደ ፓምፑ እና ከፓምፑ ቤንዚንና አየር ወደሚቀላቅለው ካርቡራቶር የሚሄዱትን የጎማ ቱቦዎች ሁሉ ይቀይሩ፤ ውስጣቸው 5 ሚሊሜትር የሆነ፣ ለቤንዚን የተሠራ ቱቦ ይጠይቁ። ሲታጠፍ የሚሰነጠቅ ቱቦ ነገ ሳይሆን ዛሬ ነው የሚወጣው። እያንዳንዱን ጫፍ በማሰሪያ ያጥብቁ። የፕላስቲክ ፊልትሮ (ማጣሪያ) ብልጭታውን ለሲሊንደሮቹ ከሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተር አጠገብ ተንጠልጥሎ ካገኙ ያንሡት፤ ቦታው ከሞተሩ ክፍል ውጭ ነው። በመጨረሻ ካርቡራቶሩ ላይ ቤንዚን የሚገባባትን ትንሽ የነሐስ ቧንቧ በጣትዎ ይዘው ወዘወዝ ያድርጉ። ከተነቃነቀች አንድ ቀን ወጥታ ቤንዚኑን በጋለ ሞተር ላይ ትረጨዋለች። ይህች ቧንቧ ሳትጠብቅ መኪናዋ ከግቢ አትውጣ።

ከመኪና ሥር ስለ መግባት አንድ ቃል ብቻ፦ ክሪክ ለማንሣት ነው፣ ለመያዝ አይደለም። መደገፊያ ሳይገባ ጭንቅላትም እጅም አይግባ። የክሪኩ መግቢያ አካባቢ ያለው ብረት ከዝገት የተነሣ የሚፍረከረክ ከሆነ እዚያ ላይ አያንሡ። የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላውን እግር ስለሆነ፣ ኋላውን ሲያነሡ የፊቱን ጎማዎች በድንጋይ ያግዱ።

ዘይት

ይህ ቀላሉ ሥራ ነው፤ ሆኖም ብዙ ሞተር የሚጎዳበት ሥራም ነው። ሞተሩን አሙቀው ያጥፉ። ከሥር ክብ ሽፋን አለ፣ በስድስት ትንንሽ ዳዶ የተያዘ። መሀሉ ላይ ማፍሰሻ ብሎን ካለው በእርሱ ያፍስሱ፤ ዘግይተው በተሠሩት ላይ ብሎኑ ስለሌለ ሽፋኑን ራሱን ቀስ ብለው ያላሉታል። ቮልስ የወረቀት ፊልትሮ የላትም፤ ያላት ከሽፋኑ በላይ የተቀመጠ የሽቦ ወንፊት ነው። አውጥተው በላምባ ይጠቡት፣ በፀሐይ ብርሃን ያገላብጡት። ጥቁር ጭቃ የተለመደ ነው። እንደ መስታወት ስባሪ የሚያብለጨልጭ ብረት ካዩ ግን ወደ ደብተርዎ ይግባ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ከጨመረ የሞተሩ ውስጥ ሥራ ደርሷል ማለት ነው።

ሲመልሱ ከወንፊቱ በላይና በታች አዲስ የወረቀት ጓርኒሲዮን (ዘይት እንዳያፈስ የሚደረግ)፣ በእያንዳንዱ ዳዶ ሥር አዲስ የመዳብ ሮንዴላ (ስስ ቀለበት) ያስገቡ። የማጥበቂያው ልክ 7 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው። ጉልበተኞች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፦ የሞተሩ አካል ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠራ ስለሆነ፣ ለማጥበቅ ሲታገሉ ብሎኑ ጥርሱን ይዞ ይወጣል። አጭር ባለ 10 ቁልፍ በሁለት ጣት ይበቃል። 2.5 ሊትር ይሙሉ፣ በዘይት መለኪያው ሁለት ምልክቶች መካከል መሆኑን ይዩ። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይድገሙት። የወጣውን ዘይት በጀሪካን ሰብስበው የሚቀበል ጋራዥ ይስጡ እንጂ ቦይ ውስጥ አይድፉት።

ቫልቭ፦ የቮልስ ባለቤት ትምህርት ቤት

ከዚህ መመሪያ አንድ ሥራ ብቻ የሚማሩ ከሆነ ይህን ይማሩ። ቫልቩ በተዘጋበት ጊዜ በቫልቩ ጫፍና በሚመታው ክንድ መካከል የፀጉር ያህል ክፍተት መኖር አለበት። ክፍተቱ ከጠበበ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ሙቀቱን የሚያስተላልፈው ሲዘጋ በሚያርፍበት ቦታ በኩል ስለሆነ፣ ካልዘጋ ይቃጠላል። ከሰፋ ግን ጥቂት ከመንኳኳት በቀር ብዙ ጉዳት የለውም። ስለዚህ በቮልስ ላይ መጠነኛ መንኳኳት የጤና ነው፤ ድምፁ ጨርሶ የጠፋ ሞተር ነው የሚያሰጋው።

ለ1300፣ 1500 እና 1600 ሞተሮች ልኩ ለማስገቢያውም ለጭስ ማስወጫውም 0.15 ሚሊሜትር ነው። ከቀድሞዎቹ 1200 ሞተሮች አንዳንዶቹ የተለየ ልክ ስላላቸው የመኪናዋን መመሪያ ይመልከቱ። ሥራው የሚሠራው ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ ነው፤ ማለትም ሌሊቱን ቆማ ባደረችበት ጠዋት። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አይሆንም፣ ሞተሩ ሞቋል።

1. ማርሹን ዜሮ ላይ ያድርጉ። የፊት ጎማዎችን ያግዱ።

2. የሲሊንደሮቹን ቦታ ይወቁ። ከመኪናዋ ኋላ ቆመው ወደ ፊት ሲያዩ በስተቀኝ ወደ መኪናዋ ፊት ያለው 1ኛ፣ ወደ እርስዎ ያለው 2ኛ ነው፤ በስተግራ ወደ ፊት ያለው 3ኛ፣ ወደ እርስዎ ያለው 4ኛ። በእያንዳንዱ ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ራስ) ላይ ዳርና ዳር ያሉት የጭስ ማስወጫ፣ መሀል ያሉት ሁለቱ የማስገቢያ ቫልቮች ናቸው።

3. የዲስትሪቢውተሩን ክዳን ያንሡ። በጠርዙ ላይ የተጫረች ትንሽ ምልክት አለች፤ የ1ኛው ሲሊንደር ናት። የሚሽከረከረው ጣት ወደ እርሷ እስኪያመለክት፣ የሞተሩ ፑሊ (ቺንጋው የሚዞርበት መንኰራኩር) ምልክትም የሞተሩ አካል ሁለት ግማሾች ከተጋጠሙበት መስመር እስኪደርስ ሞተሩን በዲናሞው ዳዶ በ21 ቁልፍ ያዙሩት። ከፑሊው ላይ ከዚያ ነጥብ በተቃራኒው ባለው ጫፍ ነጭ ቀለም ይንኩበት፤ ግማሽ ዙር ሲሆን ለማወቅ ይጠቅማል።

4. ከመኪናዋ ሥር የቫልቭ ሽፋኑን የያዘውን ጠንካራ የሽቦ ማሰሪያ በካቻቢቴ ወደ ታች ይግፉትና ሽፋኑን ያውጡ። ጥቂት ዘይት ይፈስሳል፤ ካርቶን ያንጥፉ።

5. የ0.15 ቅጠሉን በ1ኛው ሲሊንደር በእያንዳንዱ ቫልቭ ጫፍና በማስተካከያው ብሎን መካከል ያስገቡ። ቅጠሉ ሲሳብ ከወረቀት መካከል እንደሚወጣ ወረቀት ያህል ብቻ መያዝ አለበት። ከመንካትዎ በፊት ያገኙትን ልክ ይጻፉ። ከዚያ መያዣ ዳዶውን በ13 ቁልፍ አላልተው ብሎኑን በካቻቢቴ ያስተካክሉ። ዳዶውን ሲያጠብቁ ካቻቢቴውን አይልቀቁ፤ አጥብቀው ከጨረሱ በኋላም እንደገና ይለኩ፣ ዳዶው ሲጠብቅ ልኩን ይዞት ይሄዳልና።

6. ፑሊውን ከሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ በተቃራኒ ግማሽ ዙር ያዙሩና 2ኛውን፣ ሌላ ግማሽ ዙር 3ኛውን፣ ሌላ ግማሽ 4ኛውን ይሥሩ።

7. የሽፋኑን የቡሽ ጓርኒሲዮን አዲስ ያድርጉ። ማጣበቂያ የሚቀባው ሽፋኑ ላይ ብቻ ነው፤ ቴስታታው ላይ አይደለም።

ስለ 3ኛው ሲሊንደር ለብቻው ልናገር። እ.ኤ.አ. ከ1971 በፊት በነበሩት ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የቆመው ወደ 3ኛው ሲሊንደር በሚሄደው አየር መንገድ ላይ ስለሆነ ይህ ሲሊንደር የሚደርሰው የሞቀ አየር ነው። የጭስ ማስወጫ ቫልቩን በጥንቃቄ ይለኩ። ባለፈው ጊዜ 0.15 ያደረጉት ዛሬ 0.05 ሆኖ ከተገኘ፣ አስተካክለውት በሚቀጥለውም እንዲሁ ከጠበበ፣ የቫልቩ ዘንግ እየተለጠጠ ነው። ቀጣዩ ደረጃ ጭንቅላቱ ተበጥሶ ፒስተን መብሳት ነው። ያኔ ማስተካከሉን ትተው ቴስታታው ይውረድ። ደብተሩን ግዙ ያልኩት ለዚህች አንዲት መስመር ስል ነው።

ኤሌክትሪኩ፦ ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም

ቫልቭ፣ ከዚያ ኮንታክት፣ ከዚያ የብልጭታው ጊዜ፣ በመጨረሻ ካርቡራቶር። ካርቡራቶሩን መጀመሪያ የሚነካ ሰው የሌላውን ጥፋት በቤንዚን እየሸፈነ ነው።

ኮንታክቱ በዲስትሪቢውተሩ ውስጥ እየተከፈተ እየተዘጋ ብልጭታውን የሚወልደው ነው። ሙሉ በሙሉ ሲከፈት 0.4 ሚሊሜትር ይሁን። ይህን ክፍተት የነካ የብልጭታውን ጊዜም ነክቷል፤ ስለዚህ ቀጥሎ እርሱን ያስተካክሉ። የመሞከሪያ አምፖሉን አንድ ጫፍ ከኮይሉ ወደ ዲስትሪቢውተር ቀጭኑ ሽቦ ከሚሄድበት ጫፍ፣ ሌላውን ከሞተሩ ብረት ጋር ያያይዙ፣ ቁልፉን ያብሩ። ፑሊው ላይ ያለውን የብልጭታ ምልክት ከመጋጠሚያው መስመር ያድርሱ፤ የዲስትሪቢውተሩን ማሰሪያ አላልተው ቤቱን በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ አምፖሉ እስኪጠፋ ያዙሩ፣ ከዚያ በተቃራኒው ቀስ አድርገው ልክ ሲበራ ያቁሙና ያጥብቁ። ለብዙዎቹ ሞተሮች ምልክቱ 7.5 ዲግሪ ነው፤ የተለየ ዲስትሪቢውተር የገባባት መኪና ግን ልኩ ይለያል፣ በዲስትሪቢውተሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይዘው ይጠይቁ። ሲጨርሱ ቁልፉን ያጥፉ፤ ኮይሉ ያለ ሥራ ይግላል።

የካንዴላው ክፍተት 0.7 ሚሊሜትር ነው። ካንዴላ ሲያወጡ ጫፉን ያንብቡ፦ የቡና ዓይነት ቡኒ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ነጭ ከሆነ ሞተሩ ከልክ በላይ እየጋለ ነው፣ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል። አዲስ አበባ ላይ ጥላሸቱ የተለመደ ነው። ከተማዋ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ወለል በአንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ለባሕር ወለል የተለካ ካርቡራቶር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። መፍትሔው ብሎን ማሽከርከር አይደለም፤ ዋናውን የቤንዚን ቀዳዳ በአንድ ቁጥር ባነሰ መቀየር ነው። ወደ እንጦጦ ስትወጣ ቮልሷ ብታለከልክም አይዘኑባት፤ እዚያ የሚተነፈሰው አየር ከዚህም ያንሳል።

ካርቡራቶሩ ላይ የሚቀረው ሚኒሞውን (መርገጫው ሳይነካ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት) በደቂቃ ወደ 850 ዙር ማድረግ ነው፣ ሞተሩ ሞቆ ሳለ። በኋለኞቹ ባለ 34 ሶሌክስ ካርቡራቶሮች ላይ የሚነካው በጎን ያለው ትልቁ የአየር ብሎን ነው፤ የቤንዚን መርገጫው ሽቦ የሚስበው ክንድ ላይ ያለውን ብሎን አይንኩት።

ቺንጋው

በሌላ መኪና ቺንጋ ሲበጠስ ባትሪ መሙላት ይቆማል። በቮልስ ግን ማራገቢያውም አብሮ ይቆማል፤ ማራገቢያው ከቆመ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ነገር የለም። ቀይዋ የዲናሞ መብራት መንገድ ላይ ከበራች እስከ ቤት ልድረስ አይባልም፤ ዳር ይዘው ያጥፉ።

ቺንጋው በአውራ ጣት ሲጫን 15 ሚሊሜትር ያህል ይግባ። ለማስተካከል የዲናሞው ፑሊ ውስጠኛ ግማሽ ላይ ባለው ጥርስ ካቻቢቴ አስገብተው ከዲናሞው የላይኛው ብሎን ጋር ያስደግፉ፣ ዳዶውን በ21 ይፍቱ። በሁለቱ የፑሊ ግማሾች መካከል ስስ ሮንዴላዎች አሉ፤ ለማጥበቅ ከመካከል ይቀንሱ፣ ለማላላት ይጨምሩ። የቀነሱትን ከውጭ በዳዶው ሥር ያስቀምጡት እንጂ አይጣሉት። አዲስ ቺንጋ ስለሚለጠጥ ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ይለኩ።

ፍሬን

ታምቡር (ከጎማው ጋር የሚዞር የፍሬን ከበሮ) ያላቸው ቮልሶች ሸራው (ታምቡሩን ከውስጥ የሚፋተገው) እያለቀ ሲሄድ ፔዳሉ እየወረደ ይመጣል፤ በእጅ ይስተካከላል። ጎማውን አንሥተው በማስተካከያው ቀዳዳ ካቻቢቴ ያስገቡ፣ ባለ ጥርሱን ዳዶ ጎማው መያዝ እስኪጀምር ያዙሩ፣ ከዚያ ሦስት ወይም አራት ጥርስ ይመልሱ። በእያንዳንዱ ጎማ ሁለት ማስተካከያ አለ። የኋላውን ከመንካትዎ በፊት የእጅ ፍሬኑን ሽቦ ያላሉ።

የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ስለሚስብ በሁለት ዓመት አንዴ ይቀየር። አየር ሲያስወጡ ከሩቁ ይጀምሩ፦ ቀኝ ኋላ፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት። ፔዳሉን የሚረግጥ ረዳት ያስፈልጋል። ፍሬን ከለቀቁ በኋላ አንድ ጎማ ተይዞ ከቀረ የጎማ ቱቦው ከውስጥ አብጦ ሊሆን ይችላል፤ ከውጭ አዲስ ቢመስልም ይቀየር።

የኋላ ታምቡሮችን ለማውረድ ባለ 36 ዳዶ መፍታት ግዴታ ነው። ልኩ 300 ኒውተን ሜትር ያህል ነው፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከዳዶው ግማሽ ሜትር ርቆ ቁልፉ ላይ ሲቆም የሚሰጠው ኃይል ማለት ነው። ሥራው የሚሠራው ጎማው መሬት ይዞ ነው፤ መደገፊያ ላይ እንዳለች ከታገሉት መኪናዋ ትወድቃለች። የመቆለፊያው ሽቦ ቀዳዳ ካልገጠመ ይጨምሩ እንጂ አይመልሱ። የፊት ጎማን ከፈቱ ደግሞ የግራው ዳዶ ጥርሱ የተገላቢጦሽ መሆኑን ይወቁ።

ለሌላ ሰው የሚተው

የሞተሩን አካል መክፈት፣ ማርሽ ሳጥንና ከመኪናዋ ወለል በታች ያለ የብየዳ ሥራ ለባለሙያ ይተዉ። ሞተሩን ማውረድ ግን የሚመስለውን ያህል አያስፈራም፤ ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የሚይዙት ዋና ብሎኖች አራት ብቻ ናቸው፣ ሁለተኛ ሰው ካለ ይወርዳል።

ባለሙያ ጋ ሲሄዱ «ጉልበት የላትም» ብለው አይጀምሩ። ደብተሩን ይክፈቱ፦ የ3ኛው ሲሊንደር የጭስ ማስወጫ ቫልቭ በዚህ ኪሎ ሜትር ይህን ያህል ነበር፣ በዚህኛው ይህን ያህል ጠበበ፤ ወንፊቱ ላይ ብረት አለ ወይም የለም፤ ካንዴላዎቹ ይህን ይመስላሉ። ከዚያ ዋጋውን ከመስማማትዎ በፊት፣ የሚወጣው አሮጌ ዕቃ ሁሉ በከረጢት ተደርጎ እንዲሰጥዎ ይንገሩት።